ካራ፣ ካሮ፣ ካሪሲማ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አራሚውን በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም «አራት ነጥብ» ነበር የሚለው። ቢሉትም አይፈረድባቸውም። አንድ ጊዜ የሠርግ መጥሪያ ካርድ አራት መቶ ቅጂ ታትሞ ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ አራት ነጥቡ መቅረቱን አየና፣ ምሳውን ትቶ አራት መቶውንም በእስክሪብቶ ነጠበ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነጠብጣብ ማለት ነው። ሙሽሮቹ ካርዱን ሲረከቡ ልብም አላሉት፤ እሱ ግን ያን ቀን ከሙሽሮቹ በላይ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

እንዲህ ያለ ሰው ያፈቀረ እንደሆነ ጣጣው ብዙ ነው።

ያፈቀራት ምድር ቤት ያለውን የጥረዛ ክፍል የምትመራውን ሴት ነበር። ጠራዧ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ የሞተባት ገና እዚህ ቤት ሳትቀጠር ነው፤ ከተቀጠረች ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቷ። ወረቀት በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ ውፍረቱን ትናገራለች። አንድ ሚሊሜትር የተዛነፈ ጥራዝ ካየች ክሩን በጥሳ እንደገና ታሰፋዋለች። ምላሷም እንደ ዐይኗ ነው፣ ዝንፍ ያለ ነገር አያሳልፍም። በስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር ቆይቶ «አስተያየት አለ?» ቢል፣ «ንግግርዎ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ቆርጬ እጥልልዎት ነበር» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ምላጭ ሆኖ ቀረ፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚላት የለም።

ስሙን ራሷ የሰማችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት የማሽን ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው «ምላጯ አለች?» ሲባባሉ እሷ ከበሩ ጀርባ የሽፋን ካርቶን ትለካ ነበር። አራሚው የታተሙ ወረቀቶች ታቅፎ ይህንኑ እየሰማ ደረጃውን ሲወርድ፣ ፊቷን ወደ መቁረጫ ማሽኑ አዙራ ዐይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ አገኛት። «የወረቀቱ ብናኝ» አለች። አንድ ደግ ቃል ሊላት አፉን ከፈተ።

«ገጽ ስድሳ አራት ተገልብጧል» አላት።

«አይቻለሁ» አለችው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ የረዘመ የፍቅር ወግ አውግተው አያውቁም። ወረቀት ማውረድ የእሱ ሥራ አልነበረም፤ የእሱ ወንበር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይሁንና በቀን ሦስቴ ይወርዳል፣ ሦስቴ ይወጣል፣ ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ደረጃውን ይረግማል።

ስድስት ወር ሙሉ ሲያርም የቆየው የአንድ መምህር መዝገበ ቃላት ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሞቱ ቋንቋዎችን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። የቀረ ጉልበታቸውን ሰብስበው በሦስት ዓምድ የተሠራ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፦ ላቲን፣ ጣሊያንኛ፣ የእኛው ቋንቋ። አራሚው ላቲኑንም ሆነ ጣሊያንኛውን አያውቅም ነበር። ግን ስድስት ወር ከቃል ጋር የዋለ ሰው ሳይወድ በግድ ጥቂት ይለቃቅማል። አብዛኞቹ የላቲን ቃላት ጣሊያንኛ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ተጎሳቁለዋል፤ ግማሹ ጅራቱን ጥሏል፣ ግማሹ ሆዱን አሳብጧል። አንድ ቀን ግን ቀይ እስክሪብቶው አንድ መስመር ላይ ቀጥ አለ። በላቲን ካራ። በጣሊያንኛም ካራ። ትርጉም፦ ውድ፣ የተወደደች፤ ለሴት ሲነገር።

ሁለት ሺህ ዓመት ሲሻገር አንዲት ፊደል ያልጎደለበት ቃል! አራሚ ሆኖ ለእንዲህ ያለ ነገር የማይንበረከክ የለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው። የምድር ቤቷ ሴት ፊቱ ላይ ድቅን አለች። ከዚያ በኋላ በሆዱ ካራ እንጂ ሌላ ስም አልሰጣትም። ደረጃውን ሲወርድ ካራ፣ ሲወጣ ካራ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ ካራ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ የሰሙትን እኔም ሰምቻለሁ። በእኛ ቋንቋ ካራ ምን እንደሆነ ሥጋ ቤት በር ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን አልሰማም። ስድስት ወር ከላቲን ጋር ስለከረመ የእናቱ ቋንቋ ከጆሮው ወጥቶበት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወሬው ከምድር ቤት ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ፦ ጠራዧ ልትሄድ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ኃላፊ አድርጎ ወስዷታል፤ ቅዳሜ ትሄዳለች። አራሚው ይህን ሲሰማ ክው አለ። በዚያች ቅጽበት እያረመ የነበረው ገጽ ዛሬም ሁለት ስህተት አለበት።

ለምሳ ቤት ሲገባ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ፊቱን አየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። እህቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰው ፊት አይታ የሚመጣውን መለየት ለምዳለች።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ እትዬ።»

«ሄደች?»

«ቅዳሜ።» ከዚያ ደንገጥ አለ። «ማን?»

«አሥራ አንድ ዓመት ስለ ጥረዛ ክር የምትነግረኝ ስለ ክሩ መስሎህ ነው? አንተ ልጅ፣ እኔ አንዲት እናት ዘጠኝ ወር ካለፋት ነው የምደነግጠው። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሆድህ ውስጥ ይዘህ ትዞራለህ! ንገራት።»

«ስናገር ይጠፋብኛል።»

«እሱስ እውነትህን ነው፣ ስትናገር አታምርም። ጻፍላታ! መጻፍ እንጀራህ አይደል?»

መጻፍ ሳይሆን ማረም ነው እንጀራው፤ ይህን ልዩነት ሊያስረዳት ጀምሮ ተወው። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጻፈ። ሦስት ጊዜ በቀይ አረመው፣ ሦስት ጊዜ ገለበጠው። አንድ ነገር ብቻ አሳስቦት ነበር፦ ካራ የሚለውን በላቲን ፊደል ይጻፈው ወይስ በእኛ? ማተሚያ ቤቱ የውጭ ቃል ሁሉ በእኛ ፊደል ይጻፍ የሚል ደንብ አለው። ደንቡን ያወጣው ራሱ አራሚው ነው፤ በደንቡ የተነሳ ከስንት ደራሲ ጋር ተኳርፎበታል። አሁን ለራሱ ሲሆን ሊጥሰው? አይሆንም። በእኛ ፊደል ጻፈውና ሐሙስ ጠዋት ከማስመሪያዋ ሥር አስቀምጦላት በሁለት በሁለት እየዘለለ ደረጃውን ወጣ። ጉልበቱ እንኳ አላመመውም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ካራ፣

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእርስዎ የሚሆን ስም ስፈልግ ኖሬ አሁን ገና አገኘሁ። ሊሄዱ ስለሆነ ከዚህ በላይ ዝም ልል አልቻልኩም። እርስዎ ካራ ነዎት። በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሰዎች ከኋላዎ ምን እንደሚሉዎት አውቃለሁ፤ የእነሱ ቃል ግን ከእኔ ቃል ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እንዲያውም ለእኔ ካሪሲማ ነዎት።

አራሚው።»

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጠራዧ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። በአሥራ አንድ ዓመት እዚያ ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። አራሚው ከመቀመጫው ሲነሳ ወንበሩ ወደቀበት። እሷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ይኼን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ፈገግታው ጆሮው ድረስ ደርሶ።

«ስህተት የለበትም?»

«ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ።»

«ካራ ያሉኝ እንግዲህ አስበውበት ነው።»

«ስድስት ወር አሰብኩበት።»

«ይኼ ካሪሲማ የሚሉትስ?»

አራሚው ደስ አለው። ሰዋስው የሚጠይቅ ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው። «እሱ የመጨረሻው ደረጃ ነው» አላት። «ካራ ካራ ነው፤ ካሪሲማ ደግሞ ከካራዎች ሁሉ በላይ የሆነች፣ አቻ የሌላት ካራ ማለት ነው።»

ጠራዧ ደብዳቤውን በአራት አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የወረቀቱ ጠርዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ልክ ገጠመ፤ እጇ በንዴትም ጊዜ አይዛነፍም።

«ሌሎቹ ምላጭ ሲሉኝ ከኋላዬ ነው» አለች። «እርስዎ ደግሞ አሳድገው ካራ አደረጉኝ። ያውም በጽሑፍ። እርስዎን እንኳ ከእነሱ የተለየ ሰው አድርጌ ነበር የማይዎት።»

ወጣች። አራሚው ደብዳቤውን ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ በዚህኛው ንባብ የእናቱ ቋንቋ ወደ ጆሮው ተመለሰ። ልቤ ለሁለት ይሰነጠቃል። የእነሱ ቃል ከእኔ ቃል ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አንድ በአንድ እያነበበ አንድ በአንድ አላበው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ይህም አልሆነለትም። ከሁሉ የከነከነው ግን የእንባዋን ቀን ማስታወሱ ነው። ያን ቀን ስሙ ምን ያህል እንዳመማት በዐይኑ ያየው ሰው እሱ ብቻ ነው። የባሰውን ስም ያመጣላትም እሱው ሆነ።

እየሮጠ ወረደ። ምድር ቤት ጥራዝ የሚሰፉት ሁለት ሴቶች መርፌያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ጠራዧ መቁረጫ ማሽኑ ላይ ወረቀት ታስተካክላለች።

«ቢላ ማለቴ አይደለም!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «በላቲን ነው ያልኩት። በጣሊያንኛም። ውድ ማለት ነው!»

ሴቶቹ ተያዩ። ጠራዧ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳትል «ውድ?» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር። ግን አራሚ ነው፤ ግማሽ ትርጉም ሰጥቶ መሄድ አይችልም። «አዎ፣ ውድ» አለ። «በእርግጥ በጣሊያንኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የተወደደች ነው። ሁለተኛው... ዋጋው የማይቀመስ ለማለትም ይሆናል። ለዕቃ ሲሆን። ለሰውም... እንደ አገባቡ...»

«ገባኝ» አለች ጠራዧ። «ወይ ቢላ ነኝ፣ ወይ አልቀመስም።»

የማሽኑን ቁልፍ ተጫነችው። ስለቱ ወርዶ አምስት መቶ ወረቀት በአንዴ ገመሰ። አራሚው ጉሮሮውን በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ወጣ።

ያን ዕለት ማታ እህቱ ነገሩን ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወንድሟ አብሯት እንደማይስቅ ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ምጡ ጠንከር ያለ ነው እንጂ የሞተ ነገር የለም» አለችውና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ዓርብ ጠዋት መምህሩ የታረሙትን ገጾች ሊወስዱ መጡ። አራሚው እጃቸውን ይዞ ለመናቸው። ቃሉን የሰበሰቡት እርስዎ ነዎት፣ ወርደው ይመስክሩልኝ አላቸው። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ያስረዱን» ያላቸው ሰው ስላልነበረ ጉዳዩ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይጠይቁ ምርኩዛቸውን አንስተው ወረዱ። ጥረዛ ክፍል ሲደርሱ እንደ ድሮው ክፍላቸው መሃል ላይ ቆሙ።

«ልጄ» አሏት ጠራዧን፣ «ይህ ሰው አልሰደበሽም። ካራ ለአንዲት ሴት ነው፣ የተወደደች። ብዙ ሴቶች ከሆኑ በጣሊያንኛ ካሬ ይባላሉ።»

«እኔ አንድ ነኝ» አለች ጠራዧ።

«ደግ። ግዑዝ ነገር ከሆነ በላቲን ካሩም ነው።»

«ግዑዝም አይደለሁም አባባ።»

«አይደለሽም። ወንድ ከሆነ በላቲን ካሩስ፣ በጣሊያንኛ ካሮ።»

ከሰፊዎቹ ሴቶች አንዷ መርፌዋን ክሩ ላይ አንጠልጥላ «እንግዲያው እሷ ካራ ከሆነች እሱን ካሮ ልትለው ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በጣሊያንኛ አዎ» አሉ መምህሩ። አራሚው እንዳይቀጥሉ በዐይኑ ለመናቸው፤ እሳቸው ግን የዐይን ምልክት የሚያነቡ ሰው አልነበሩም። «በላቲን ግን መጠንቀቅ ነው። በላቲን ካሮ ብለው ዝም ቢሉ ሥጋ ማለት ነው።»

«ምን?»

«ሥጋ። ሙዳ ሥጋ። ድምፁ ጥቂት አጠር ይላል እንጂ አጻጻፉ ያው ነው።»

ሁለቱም ሴቶች ጠራዧንና አራሚውን አፈራርቀው አዩ። ከዚያ ሰፊዋ «እሷ ካራ፣ እሱ ሥጋ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። አንደኛዋ «ይኼማ ጋብቻ ሳይሆን ምሳ ነው» አለች፤ ሳቁ እስከ ማሽን ክፍሉ ተሰማ። መምህሩ በትምህርታቸው ይህን ያህል የተደሰተ ክፍል ገጥሟቸው ስለማያውቅ ደረታቸውን ነፍተው የካሮን ብዙ ቁጥር ጨመሩላቸው። አራሚው ጠራዧን ሰረቅ አድርጎ አያት። ከንፈሯን ነክሳ የክር ጥቅል ትቆጥራለች። ሳቅ ይሁን ንዴት መለየት አልቻለም።

መምህሩን እስከ በር ሸኛቸው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ደረጃው ጫፍ ድረስ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ሰፊዎቹ ሴቶች ጠራዧን አቅፈው፣ ስመው፣ ጥቂት አልቅሰው ከወጡ በኋላ ነው የወረደው። ነገ ቅዳሜ ነው። ከዚህ በኋላ የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ጠራዧ መሣሪያዋን እየሰበሰበች ነበር። መርፌዎቿን፣ ወስፌዋን፣ መቀሷን፣ ወረቀት የምታጥፍበትን የተላገ አጥንት በአንድ ጨርቅ ላይ ደርድራ ጨርቁን መጠቅለል ጀምራለች።

«እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ነገረኝ» አለች ሳታየው። «መምህሩ ነገሩኝ። ሴቶቹም ስቀው ነገሩኝ። እርስዎ ግን እስካሁን ምንም አላሉኝም።»

እውነቷን ነው። አራሚው አፉን ከፈተ። ውድ የሚለው ቃል መጣለት፤ ትናንት ዋጋ አስከፍሎታል። ፍቅር የሚለው መጣለት፤ በስንት መቶ የሠርግ ካርድ ላይ ሲያርመው ስለኖረ የሌላ ሰው ልብስ መሰለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ዓረፍተ ነገር ሲያቃና ኖሯል፤ የራሴ የሚለው አንድም የለውም። መፍራቱን እሷም አየች፣ እሱም እንዳየችው አየ። በሩ ላይ እንዲህ ቆሞ ቢቀር ነገ ባዶ ጠረጴዛ እንደሚያይ ገባው።

«አይሂዱ» አለ።

ጠራዧ ዞር ዞር ብላ ክፍሉን ቃኘች። «እነማን ናቸው የሚሄዱት?» አለችው።

ይህን እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል። «አይሂዱ» ለአንድ ለተከበረ ሰውም ይባላል፣ ስለ ሌሎች ሃያ ሰዎችም ይባላል። ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው። ለሥራ አስኪያጁም፣ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰልፈኛ ሁሉም ይሆናል። ከላቲን ካራን፣ ካሩስን፣ ካሩምን ለይቶ ያወቀ ሰው በገዛ ቋንቋው ለአንዲት ሴት የሚሆነውን መልክ አሥራ አንድ ዓመት ከአፉ አላወጣውም።

ከበሩ ወደ ጠረጴዛዋ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«አትሂጂ» አለ።

የጠራዧ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንቺ ብሎ የለመናት ወንድ የለም። ብዙ ሰው አክብሯታል፣ ብዙ ሰው ፈርቷታል፤ የቀሩት ደግሞ በሌላ ስም ሲጠሯት ኖረዋል። አራሚው ከዚያ ቃል ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አጣ።

ከዚያ ጠራዧ ጨርቁን ፈታችው። መርፌዎቿን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መሳቢያው መለሰች፤ ወስፌውንም፣ መቀሱንም፣ አጥንቱንም። መሳቢያውን በዳሌዋ ገፍታ ዘጋችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«አንተ» አለችው፣ «ይቺን ለማለት ላቲን ድረስ ምን አስኬደህ?»